ሥጋ የሌለው በዓል

ባለፈው ሰኔ ጅማ ውስጥ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ምሳ ጋበዘችኝ። ወጥ ቤቷ በር ላይ ቆሜ ሳወራት፣ ጥቂት የሰናፍጭ ፍሬ የጋለ ዘይት ውስጥ ጣል አደረገች። ፍሬዎቹ ተንጣጡ፤ ሽታው መጣ። እኔም ጨዋታዬን አቋረጥኩ።

«ምነው፣ አመመሽ እንዴ?» አለችኝ።

አላመመኝም። ያ ሽታ ሲመጣብኝ ግን የአሥር ዓመት ልጅ ሆኜ ነበር፤ ቦንጋ ነበርኩ፤ የወተት ጆግ በእጄ ይዤ፣ የሰው በር ሥር ቆሜ እየሰለልኩ ነበር።

አራተኛ ክፍልን ጨርሼ ትምህርት ቤት የተዘጋበት ክረምት ነው። አባቴ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበር። ከዋናው ቤታችን ጀርባ ባለ ሁለት ክፍል ሰርቪስ ነበረን፤ ከሰርቪሱ ጀርባ ደግሞ አያቴ የተከለው እንሰት። ሰርቪሱን ኮሌጁ ውስጥ ሒሳብ የሚያስተምር አንድ ሕንዳዊ ተከራየው። ስሙ ሞሃን ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ ግን «ሚስተር» ይለዋል። ሌላ ከተማ ሦስት ዓመት ስላስተማረ የተሰባበረም ቢሆን አማርኛ ይችላል። እሱን ማንም አልጠረጠረውም። ሐምሌ ላይ ሚስቱን ከአገሩ ሲያመጣ ነው ነገሩ የተለወጠው።

በመጣች በማግስቱ እናቴ ወተት እንዳደርስ ላከችኝ። ሴትዮዋ በሩን ከፈተች፤ ረጅም ናት፤ ጸጉሯ እስከ ወገቧ ይደርሳል። በትምህርት ቤት እንደተማርነው ሥነ ሥርዓት አጥንቼ የሄድኩትን ጥያቄ ጠየቅኳት።

«ስምዎ ማነው?»

እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «ሊላ» አለችኝ።

እኔ የሰማሁት «ሌላ» የሚለውን ነው።

«ሌላ ማን?»

«ሊላ! ሊላ!» አለችና ሳቀች።

ሮጬ ወደ እናቴ ሄድኩ። «እማዬ፣ ሴትዮዋ ስሟን ደበቀችኝ። ሌላ ነኝ ነው የምትለው።»

እናቴ ጎመን እየከተፈች ነበር። ቢላዋውን አስቀመጠች። እናቴ አበበች ትባላለች፤ ያን ጊዜ የስድስት ወር እርጉዝ ነበረች። ከእኔ በኋላ ሁለት ልጆች ተጨናግፈውባታል። ስለዚህ በዚያ ክረምት በቤታችን ሁሉም ነገር በጥንቃቄ ነበር የሚሠራው፤ ማን ገባ፣ ማን ወጣ፣ ማን ሆዷን አየው ይባላል። አጥር ለአጥር የምንዋሰናት እትዬ ጥሩነሽ ደግሞ በዚህ ጉዳይ ዋና አማካሪዋ ነበረች። እትዬ ጥሩነሽ በገበያ ቀን ኮረሪማ፣ ጥምዝና ሌላም ቅመም ትሸጣለች፤ በተረፈው ቀን የሰፈሩን ወሬ ታዳርሳለች።

«ስሟን ደበቀች?» አለች እትዬ ጥሩነሽ፣ ነገሩን ስትሰማ። «ልጅስ አላት?»

«የላትም መሰለኝ። ብቻዋን ነው የመጣችው» አለች እናቴ።

እትዬ ጥሩነሽ የእናቴን ሆድ አየችና ነጠላዋን ሳብ አድርጋ ሸፈነችላት።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ወተት ማድረስ ሥራዬ ሆነ። እናቴም በየጠዋቱ ጆጉን ስትሰጠኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ዐይንሽን ክፈቺ» ትለኛለች። ከፈትኩ። ያየሁትንም ሁሉ አመጣሁ። ግድግዳው ላይ ሥዕል አለ፤ ሥዕሉ ፊት መብራት አለ፤ ሰናፍጩን ዘይት ውስጥ ስትጨምር ይፈነዳል፤ ሲፈነዳ አትደነግጥም። እናቴና እትዬ ጥሩነሽ ሥራቸውን አቁመው ነበር የሚያዳምጡኝ። በቤታችን ትልልቆቹ ሰዎች ዝም ብለው እኔን ሲሰሙኝ የመጀመሪያዬ ነው። ጣፈጠኝ።

አንድ ጠዋት ሊላ ወተቱን ተቀበለችና እንድገባ በእጇ ጠራችኝ። ክር ይዛለች። በሩ አጠገብ አቆመችኝና ክሩን ከትከሻዬ እስከ ጉልበቴ ለካች፤ ከዚያ ደረቴን፣ ከዚያ ክንዴን። በየልኩ ክሩን ትቋጥራለች። እኔ እንደ እንጨት ደርቄ ቆምኩ። ሲያልቅ ጸጉሬን ዳሰስ አድርጋ ረጅም ጊዜ አየችኝ፤ ዐይኗ ውኃ አቀረረ። ከረሜላ ሰጠችኝ። ከረሜላውን አጥር ሥር ቀበርኩት።

«በክር?» አለች እትዬ ጥሩነሽ። «ቋጠረችው?»

«ሦስት ቦታ።»

«አበበች፣ አንቺ ዝም ትያለሽ!»

እናቴ ያን ቀን ጸበል አመጣችና ከራሴ እስከ እግሬ ረጨችኝ። አባቴ ማታ ሲሰማ ተቆጣ፤ «ሰውዬው የተማረ ሰው ነው! ልብስ ልትሰፋ ይሆናል!» አለ። ግን የተቆጣው እኛን ለማረጋጋት እንጂ እርግጠኛ ሆኖ አልነበረም፤ ሲናገር ወደ ሰርቪሱ መስኮት ያይ ነበር።

አያቴ፣ የአባቴ አባት፣ ከዓመታት በፊት ደካ አካባቢ ካለው ገጠር መጥቶ ከእኛ ጋር ነበር የሚኖረው። ዐይኑን ሞራ ሸፍኖት ጥላና ብርሃን ብቻ ነው የሚለየው። አማርኛ የለመደው ከጎለመሰ በኋላ ስለሆነ ወንዱንም ሴቱንም «አንተ» ይላል፤ እናቴንም፣ እኔንም፣ ድመቷንም። ስለ ሕንዷ ሲጠየቅ «እሱ ምን ይበላል?» ብሎ ብቻ ጠየቀ።

ለዚህ መልስ ነበረኝ። «ሥጋ አትበላም። እንቁላልም አትበላም።»

«ታሟል?»

«አይ፣ ደህና ናት።»

«ደህና ሆኖ ሥጋ ካልበላ፣ እንግዲህ ምክንያት አለው» አለ አያቴ።

እትዬ ጥሩነሽ ደግሞ ከገበያ ሌላ ወሬ ይዛ መጣች። ሊላ ገበያ ወርዳ ጎደሬና ቦዬ፣ የእኛን አገር ሥራ ሥር፣ ገዝታለች፤ ያውም መርጣ፣ በጥፍሯ ጫር አድርጋ እያየች። ኮረሪማውን ሰንጥቃ አሽትታ «እም» ብላለች። «እኔ የምለው» አለች እትዬ ጥሩነሽ፣ «ከአዲስ አበባ የሚመጣው ሁሉ ጎደሬ ምን እንደሆነ ይጠይቀኛል። ይህች ከባሕር ማዶ መጥታ እንዴት አወቀችው? አገራችንን ሳታየው ታውቀዋለች!»

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል አበባው ተጀመረ።

አንድ ቀን በማለዳ ሊላ ከየሰዉ አጥር አበባ ስትለቅም ታየች። ከዚያ በሯ ፊት ያለውን መሬት ጠረገች፤ ውኃ ረጨች፤ ቁጢጥ ብላ የአበባውን ቅጠል እየበጠሰች አንዲት ትንሽ ክብ ሠራች። ቢጫ ነበረች። በማግስቱ በቢጫዋ ዙሪያ ነጭ ቀለበት ጨመረች። በሦስተኛው ቀን ቀይ። ስትሠራ ታንጎራጉራለች። አማርኛ ቃላት እየተማረች ስለነበር ያወቀችውን ደጋግማ ትላለች፤ አበባውን እያነሣች «አበባ… አበባ…»። እኔ ጆጌን ይዤ እቆማለሁ። እውነቱን ለመናገር እንደዚያ የሚያምር ነገር አይቼ አላውቅም ነበር፤ እንደዚያም ያስፈራኝ ነገር አልነበረም።

በሰባተኛው ቀን እትዬ ጥሩነሽ በአጥሩ ቀዳዳ አየችና መጣች።

«ቀለበቱን ቆጥረሻል?»

«ምን ብዬ እቆጥረዋለሁ?» አለች እናቴ።

«ሰባት ሆኗል። አንቺ ስንት ወርሽ ነው?»

«ስምንት ልገባ ነው።»

«ነገ ስምንት ይሆናል። ከነገ ወዲያ ዘጠኝ። ዘጠነኛው ሲሞላ ምን እንደሚሆን እንግዲህ እግዜር ይወቅ።»

እናቴ ቁጭ አለች። ፊቷ አመድ መሰለ። ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ።

«አንቺ፣ ዘኒ» አለች እናቴ። «ስትሠራ ምን ትላለች? የምትለው ነገር አለ?»

ያን ጊዜ እውነቱን ልናገር እችል ነበር። «አበባ» ነው የምትለው፤ በደንብ ሰምቻለሁ። ግን ሁለቱ ሴቶች አፌን እያዩ ነበር፤ «አበባ ነው የምትለው» ብል ወደ ሥራቸው ይመለሱ ነበር።

«ስምሽን ትጠራለች» አልኩ። «አበበች፣ አበበች እያለች ነው የምትሠራው።»

እናቴ ጮኸች። ያን ቀን ምሳ አልበላችም፤ ራትም አልበላችም። ሆዴን ቆረጠኝ ብላ ተኛች። እኔ ጥግ ላይ ኩርምት ብዬ የእሷን ማቃሰት ስሰማ አንድ ነገር ሆንኩ፤ የራሴን ውሸት አመንኩት። ሊላ የእናቴን ስም ስትጠራ የሰማሁ መሰለኝ። እንግዲህ ስምንተኛው ቀለበት ከተጨመረ እናቴ አለቀላት ብዬ ደመደምኩ።

በማግስቱ ገና ሳይነጋጋ ተነሥቼ ወጣሁ። ሊላ አበባ ልትለቅም ሄዳ ነበር። በባዶ እግሬ ክቡ መሐል ገባሁና በተረከዜ ፈጨሁት፤ ነጩን ከቀዩ፣ ቀዩን ከጭቃው ደባለቅሁት። ግማሹን እንደጨረስኩ ቀና ስል ሊላ አጥሩ አጠገብ ቆማለች። በቀሚሷ ጫፍ አበባ ሞልታለች። አልጮኸችም። እጇ ቀስ ብሎ ወረደና አበባው እግሯ ላይ ተበተነ። እኔ ሮጥኩ። በመስኮት ሳያት ቁጢጥ ብላ የተረፈውን እየለቀመች ነበር፤ አላንጎራጎረችም።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ አባቴ ፊቱን አጥቁሮ ከሥራ ተመለሰ።

«ዛሬ ግምገማ ላይ ስሜ ተነሣ» አለ ለአያቴ። «‹ግቢው ውስጥ ድግምት የሚሠራ አከራይቷል፣ ኅብረተሰቡ ቅሬታ አለው› አሉ። ሃያ ዓመት ሙሉ አንድ ፋይል ያልጠፋብኝ ሰው፣ ዛሬ በአበባ ልገመገም!»

«ማን ነገራቸው?» አለ አያቴ።

ወሬው ከቤታችን እንደወጣ ሁላችንም እናውቃለን። ከማን አፍ እንደወጣ ግን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

አባቴ ሰርቪሱን አንኳኳ። እኔ ተከትዬው ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ።

«ሚስተር ሞሃን፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ቤቱን… ለዘመድ ፈልጌው ነው። ወሩ ሲያልቅ ቢለቁልኝ።»

ሚስተር ሞሃን መነጽሩን አወለቀ፤ ጠረገ፤ መልሶ አደረገ።

«እሺ» አለ። «ችግር የለም። እኔ ቤት እፈልጋለሁ። ግን አቶ ገብሬ፣ ከነገ ወዲያ የእኛ በዓል ነው። በጣም ትልቅ በዓል። እናንተ ኑ። ሁላችሁ። ከእኛ ጋር ብሉ።»

አባቴ ሰውን ከቤት አስወጥቶ የበዓል ጥሪውን መርገጥ አልቻለም፤ ለመሄድ ደግሞ ሚስቱ ተኝታ ታቃስታለች። «እናያለን» ብሎ ተመለሰ።

እናቴ ስትሰማ ከአልጋዋ ቀና አለች። «ከዚያ ቤት አንድ ጉርሻ የቀመሰ እዚህ ቤት አይገባም!»

«እኔ እሄዳለሁ» አለ አያቴ ከጥጉ።

ሁላችንም ዞርን።

«እኔ አርጅቻለሁ» አለ። «መርዝ ቢሆን እኔን ነው የሚገድለው። ደህና ቢሆን እኔ እነግራችኋለሁ። ይህ ልጅ እጄን ይያዝ።»

ይህ ልጅ ያለው እኔን ነው።

የበዓሉ ዕለት ሊላ ከማለዳ ጀምሮ ስታበስል ነበር። ሰናፍጩ ሲንጣጣ፣ ሽንኩርቱ ሲቁላላ፣ ምስሩ ሲንተከተክ ግቢው ሁሉ ይሸት ነበር። ሚስተር ሞሃን መጥቶ አንድ ነገር ጠየቀ፤ የእንሰት ቅጠል። በአገራቸው የበዓል ምግብ የሚበላው በሙዝ ቅጠል ላይ ነው፤ በዚህ ግቢ ውስጥ ያለው እንሰት ነው።

«ሳህን የለውም?» አለ አያቴ።

«አለ። ግን ለበዓል ቅጠል ነው።»

አያቴ ትንሽ አሰበ። የተከለው ራሱ ነው፤ ቅጠሉን ሌላ ሰው ቆርጦ ምን እንደሚያደርግበት አያውቅም። «ቢላዋ አምጣ» አለኝ። እጁን ይዤ ወሰድኩት። በእጁ እየዳበሰ ለጋውን ቅጠል መርጦ ራሱ ቆረጠ፤ በውኃ ራሱ አጠበ፤ ታቅፎት ራሱ ገባ። ማንም እንዲነካው አልፈቀደም።

ቤቱ ንጹሕ ነበር። ሰሌን ተነጥፏል። ቅጠሎቹ በተርታ ተዘረጉ። አያቴ፣ አባቴና እኔ ተቀመጥን። በተከፈተው በር የእኛ ቤት በረንዳ ይታያል፤ እናቴ ነጠላዋን ደርባ፣ አንድ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ እዚያ ቆማለች። ከአጥሩ በላይ ደግሞ የእትዬ ጥሩነሽ ሻሽ ብቅ ብሏል።

ሊላ ነጭ ልብስ ለብሳ፣ ጎንበስ እያለች በየቅጠሉ ላይ ታቀርብ ጀመር። ጥቂት ጥቂት፣ ሁሉም በየቦታው፤ ሎሚ በበርበሬ፣ ጥቅል ጎመን፣ ዱባ፣ ጎደሬ፣ ቦዬ፣ ምስር፣ የተጠበሰ ሙዝ። መሐል ላይ ሩዝ። በየምግቡ ሚስተር ሞሃን ይናገራል፤ «ይሄ በአገራችን በኮኮነት ነው። ቦንጋ ኮኮነት የለም። ሊላ በለውዝ ሠራች። ይሄ ጣፋጭ በሌላ ስኳር ነው፤ አሁን በማር ነው። ኮረሪማው የእኛን ቅመም ይመስላል፤ ግን ትንሽ ይቆጣል።» ሊላ የእሱን አፍ እያየች ትሰማለች፤ አንድ ነገር እንዳይቀር የምትቆጥር ትመስላለች። ሲጨርስ በቋንቋዋ አንድ ነገር አለች።

«ምን አለ?» አለ አያቴ።

«‹ትክክል አይደለም። ግን የተቻለኝን አደረግሁ› አለች።»

አያቴ እጁን ወደ ቅጠሉ አልላከም።

«ሥጋው የት ነው?»

«ሥጋ የለም።»

«ሥጋ የሌለው ምን በዓል ነው? ለቅሶ ነው?» አለ። «መጀመሪያ ንገረኝ። ይሄ ሁሉ ለማን ነው? አበባውስ ለማን ነው?»

አባቴ አፍሮ «አባባ!» አለው። ሚስተር ሞሃን ግን አልከፋውም። ተቀመጠና ነገረን።

«ድሮ በአገራችን አንድ ንጉሥ ነበር። በጣም ጥሩ ንጉሥ። በእሱ ጊዜ ረኃብ የለም። ሌባ የለም። ውሸት የለም። አምላኮች ቀኑበት። ወደ ታች፣ ከምድር በታች ላኩት። ሲሄድ አንድ ነገር ለመነ። ‹በዓመት አንድ ቀን ሕዝቤን ልይ› አለ። ፈቀዱለት። ያ ቀን ዛሬ ነው። ንጉሡ ይመጣል። አበባው መንገዱ ነው፤ አሥር ቀን እንሠራለን። ሁሉም ቤት ይበስላል። ንጉሡ ያያል። ‹ሕዝቤ ጠግቧል› ይላል። ደስ ይለዋል። ይመለሳል።»

አያቴ በጭጋጋማ ዐይኑ ወደ ድምፁ ዞሮ ነበር።

«ሕዝቡ ችግር ላይ ቢሆንስ?»

«ያን ቀን አይነገረውም። እንዳያዝን።»

«አገሩን ትቶ የሄደ ሰውስ? እንዳንተ ያለውስ?»

«እሱም ያበስላል» አለ ሚስተር ሞሃን። «የትም ቢሆን ያበስላል። ንጉሡ ሊፈልገው ይችላል።»

አያቴ ከአባቴ ጋር ብቻ በሚያወራበት የአገራችን ቋንቋ፣ በካፊኖኖ፣ አንድ ነገር ተናገረ፤ ዐይኑን በመዳፉ ጠረገ። አባቴ አንገቱን ደፋ። አያቴ መልሶ በአማርኛ ደገመው።

«የእኛም አገር ንጉሥ ድሮ በጦር ተይዞ ተወስዷል። አባቴ ሕፃን ሆኖ ሲወስዱት አይቷል። አልተመለሰም።» እጁን ቅጠሉ ጠርዝ ላይ አሳረፈ። «እኛ ግን አብስለን አልጠበቅነውም። አላወቅንም።»

ሚስተር ሞሃን ለሊላ ተረጎመላት። ሊላ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

አያቴ ሩዙን በጣቶቹ ሰብስቦ ጎረሰ። አላመጠ። ሁላችንም አየነው፤ እናቴም ከበረንዳው። ዋጠ፤ ደገመ። አባቴም ጀመረ። እኔም በላሁ። ጎደሬው እንደ እኛ ጎደሬ ነበር፤ ግን የሌላ አገር ልብስ የለበሰ ይመስላል።

አያቴ ሲጠግብ «ወደ አበባው ውሰደኝ» አለኝ። ደጅ ወጥተን ቁጢጥ አለና በጣቶቹ ጫፍ፣ ሕፃን እንደሚዳሰስ፣ ክቡን ዳሰሰ። «ይሄ ምን ቀለም ነው?» ይላል፤ እነግረዋለሁ። ከመሐል ተነሥቶ ወደ ዳር ሲመጣ ጣቱ ቆመ።

«ይሄ አበባ አይደለም። ሣር ነው። አበባው የት ሄደ?»

እኔ ያጠፋሁት ቦታ ነው። አበባ አልበቃት ብሎ በከተፈችው ሣር ሞልታዋለች። ሚስተር ሞሃን ጥያቄውን ተረጎመላት። ሊላ ቀና ብላ እኔን አየችኝ። ዐይኔን ሰበርኩ።

«ዝናብ» አለች በአማርኛ። «ዝናብ… አበባ…» እጇን እንደ ጎርፍ ጠረገችው።

አበባውን ባበላሸሁበት ሌሊት አንዲት ጠብታ አልጣለም ነበር።

የቀረበልንን ጣፋጭ ሳልነካው ተነሥቼ ወደ እናቴ ሄድኩ። በረንዳው ላይ ቆማ «አባባ ምን አለ? ለምን አለቀሰ?» ስትለኝ የምናገረው ሌላ ሆነ።

«እማዬ፣ ስምሽን አልጠራችም። አበባ ነው ያለችው። እኔ ነኝ አበበች ያልኩት። አበባውንም ያበላሸሁት እኔ ነኝ።»

እናቴ ትመታኛለች ብዬ ዐይኔን ጨፈንኩ። አልመታችኝም። ክንዴን ይዛ ያን ከባድ ሰውነቷን እየጎተተች ግቢውን አቋረጠች። ወደዚያ ቤት ስትገባ የመጀመሪያዋ ነው። ሁሉም ተነሡ።

«ንገሪያት» አለችኝ። «ለእኔ ያልሽውን ለእሷ ንገሪያት።»

ነገርኳት። ሊላ አልገባትም፤ ወደ ባሏ ዞረች። እሱም ዝቅ ባለ ድምፅ ይተረጉም ጀመር። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ ረጅም ጊዜ ቆሜ አላውቅም። ውሸቴ በማላውቀው ቋንቋ ቃል በቃል ሲነገር እሰማለሁ፤ የትኛው ቃል የትኛው እንደሆነ አላውቅም፤ የሊላን ፊት እያየሁ ብቻ እገምታለሁ። አንድ ቦታ ላይ «አበባ፣ አበበች» ሲል ሰማሁ። ሊላ ከእኔ ወደ እናቴ ሆድ፣ ከእናቴ ሆድ ወደ እኔ አየች። ገባት። ስንፈራት የከረምነው ስለ ምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባት።

አጭር ነገር ተናገረች።

«ምን አለች?» አለች እናቴ።

ሚስተር ሞሃን አመነታ። «‹ልጄ ብትሆን እመታት ነበር› አለች።»

«ልጅ አላት?»

«አንዲት ሴት ልጅ። አሥር ዓመቷ ነው። ለትምህርት ብለን ከአያቷ ጋር ተውናት። ለበዓሉ ቀሚስ ልትሰፋላት ፈለገች፤ ቁመቷ እንደ ዘኒ ይሆናል ብላ በክር ለካች።»

እናቴ በሩን ተደገፈች። ነጠላዋን አስተካከለች።

በዚያው ዕለት ማታ አባቴ ሄዶ ቤቱን እንዳይለቁ ለመናቸው። በመሥሪያ ቤት ያሉትን ይበሉ አለ። ሚስተር ሞሃን በትሕትና አመሰገነው።

«ቤት አግኝቻለሁ፣ ኮሌጁ አጠገብ። ሊላ እዚህ መቆየት አትችልም። ፈርታለች።»

«ማንን ነው የምትፈራው?»

«እናንተን» አለ።

አባቴ መጥቶ ይህን ነገረን። እኛም ሰው የሚፈራን ሰዎች መሆናችን በሐሳባችን መጥቶ አያውቅም ነበር።

ቅዳሜ ዕቃቸውን በጋሪ ጭነው ሄዱ። እትዬ ጥሩነሽ በአጥሩ ላይ ሆና «ስለተነቃባቸው ነው የሄዱት» አለች። እናቴ ጀርባዋን ሰጥታት ገባች፤ ከዚያ በኋላ በሁለቱ መካከል ያለው ነገር እንደ ቀድሞው አልሆነም።

መስቀል ደረሰ። በሬው ለቅርጫ ታርዶ ቤቱ ሥጋ በሥጋ ሆነ። አያቴ ጥጉ ላይ ተቀምጦ «በበዓላቸው በልተናል» አለ። «በበዓላችን ይብሉ።»

እናቴ ሥጋ ነክቶት የማያውቅ አዲስ ድስት አወጣች። ቢላዋውን ሁለት ጊዜ በአመድ አጠበች። ጎመን ሠራች፣ አይብ ለወሰች፣ ቆጮውን ለብቻው ጋገረች። ክዳን ባለው ሳህን አድርጋ እኔን አስከትላ በእግሯ ወጣች። በየመንገዱ እየቆመች ታርፋለች፤ ወሯ ገብቷል። ሊላ በሩን ከፈተች። እናቴ ሳህኑን በሁለት እጇ ዘረጋችላት።

«ሥጋ የለውም» አለች። «ምንም የለውም። ንጹሕ ነው።»

ሊላ ተቀበለች፤ አንገቷን ዝቅ አድርጋ «አመሰግናለሁ» አለች። ሳህኑን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው። ክዳኑን አልከፈተችውም። ወንበር ሰጠችን፤ ሻይ አቀረበችልን፤ ጠጣን። ክዳኑ እንደተከደነ ነበር። እናቴ ሳህኑን አላየሁም ለማለት ግድግዳውን ታይ ነበር።

ስንመለስ መንገዱን እንዳጋመስን «ትበላው ይሆን?» አለችኝ።

«እንጃ፣ እማዬ።»

«ባትበላውም አልፈርድባትም» አለች።

ከሦስት ቀን በኋላ ሚስተር ሞሃን ሳህኑን ለአባቴ ቢሮ ወስዶ ሰጠው። እናቴ ከአባቴ እጅ ተቀብላ በረንዳው ላይ አገላብጣ አየችው፤ አሸተተችውም። በደንብ ታጥቧል፤ ተበልቶ ይሁን ተደፍቶ የሚናገር ምንም ምልክት አልነበረውም። እስከ ዛሬም አላውቅም። ባዶውን ግን አልላኩትም፤ ውስጡ በወረቀት የተጠቀለለ፣ በስሱ ተከትፎ የተጠበሰ ሙዝ ነበር።

እናቴ ወረቀቱን ፈታች። አንዱን አንሥታ በሁለት ጣቷ ያዘችው፤ ሌላ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ጥቂት ቆየች። አባቴና እኔ አየናት፤ አያቴ ጆሮውን አቀና። ጎረሰችው። ጥርሷ መሐል ቀጭ ቀጭ ሲል ይሰማ ነበር።

«ጨው በዝቶበታል» አለችና ሁለተኛውን አነሣች።